የደረቀችው ስፖንጅና የታሸገው ፖስታ

ይድረስ ለእትዬ፣ ለመርፌና ለክር እመቤት፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? የስፌት መኪናውን ፔዳል ስትረግጪ ጉልበትሽን የሚይዝሽ ቁርጥማት ለቀቅ አደረገሽ? ዓይንሽስ ክር ስታስገቢ ያግዝሻል ወይስ አሁንም መርፌ በያዝሽ ቁጥር ልጅሽን ትጣሪያለሽ? ባለቤትሽን፣ ጋሼ አናጢውን፣ ያ ደረቅ ሳል ተዋቸው? አባባስ ጠዋት ጠዋት ያቺን ወንበራቸውን በራፍ ላይ አውጥተው ይቀመጣሉ? ይበላሉ? ከሰው ጋር ይጫወታሉ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደማታምኚኝ ግን በቅርቡ ደርሼበታለሁ፤ እንዴት እንደደረስኩበት ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ይህን ሁሉ ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ የደረደርኩት ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው። በዚሁ ፖስታ ውስጥ የሹክሹክታም ደብዳቤ አለ። እሱም ስለ ጉልበትሽ ይጠይቅሻል፤ አውቀዋለሁ። እባክሽ የእኔን አስቀድመሽ አንብቢ። ከአንድ ማኅፀን የወጣነው እኔና አንቺ ነን። በጀርባሽ ያዘልሽኝ፣ ጥርሴ ሲነቃነቅ በስፌት ክር አስረሽ የነቀልሽልኝ እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም።

ሲጀመር ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም። ጆሮሽ ከደከመ ወዲህ ስልክ ላንቺ ሥቃይ ስለሆነ፣ ልጅሽም ተቀብላ «እማዬ ደህና ናት» ብላ ስለምትዘጋው፣ በወረቀት መነጋገር ከጀመርን ይኸው ስንት ዓመታችን። አምና ከእኛ ጋር የሚሠራ አንድ ሰው እንዳለ፣ ዘመድ የሚባል እንደሌለው፣ ለእኔ ፖስታ በመጣ ቁጥር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እንደሚቀር ጻፍኩልሽ። ከድምፁ ማነስ የተነሳ ሹክሹክታ ብለን እንደምንጠራውም ነገርኩሽ። እስቲ አንድ ቀን በደብዳቤሽ ግርጌ ሰላም በይልኝ አልኩሽ። በእኔ ቤት ጽድቅ መሥራቴ ነው። አንቺም አንዲት መስመር ጻፍሽለት፦ «ስሙን ለማላውቀው ለወንድሜ ባልደረባ ሰላምታዬ ይድረሰው» ብለሽ። ሳነብለት ፊቱ በራ። ድገማት አለኝ፤ ደገምኩለት። ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱም አነበባት።

ቀጥሎ አንዷ መስመር ሦስት ሆነች። ከዚያ ግማሽ ገጽ ሆነች። እሱም መጻፍ ጀመረ፤ ሁለት ቃል እንዲናገር የሚለመነው ሰውዬ እስክሪብቶ ሲይዝ ምላሱ ተፈታ። ካለፈው ደብዳቤሽ ጀምሮ ደግሞ ጭራሽ ለእሱ ብቻ ሌላ ፖስታ፣ ያውም ክዳኑ በሙጫ የታሸገ፣ በእኔው ፖስታ ውስጥ ከተሽ መላክ አመጣሽ። እትዬ፣ የታሸገ! ከእኔ የሚደበቅ ምን ነገር ቢኖራችሁ ነው? ስታጫውቺኝ ያደግሽ እህቴ፣ እኔን ፖስታ አመላላሽ አደረግሽኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የደረሰኝ ደግሞ ቆሽቴን አሳረረው። ጥቅሉን ስፈታ ለእኔ አንድ ገጽ ብቻ፤ እሱም ግማሹ ስለ ዝናቡና ስለ ነፋሱ። ለሹክሹክታ ግን ወፍራም የታሸገ ፖስታ፤ በእጄ ስመዝነው ሁለት ሦስት ወረቀት ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ አንድ በሥራ ልብስ ላይ የሚታሰር ሽርጥ። ሰማያዊ፣ ድርብ ስፌት፣ ደረቱ ላይ ኪስ ያለው፣ ኪሱ ላይ በቢጫ ክር «ሹክሹክታ» ተብሎ የተጠለፈበት። ያቺን «ሹ» ስትጽፊ ጫፏን የምትቀለብሺያትን ቅልበሳ የማላውቃት መሰለሽ? ትምህርት ቤት ስገባ ደብተሬ ላይ ስሜን የጻፍሽልኝ በዚሁ እጅሽ አይደለም እንዴ! ለእኔ በተጻፈው ገጽ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሽርጡ ልኩ መሆኑን አይተህ ጻፍልኝ» ይላል። የእሱን ልክ እኔ ልይ! እኔ ከሦስት ዓመት በፊት የላክሽልኝን ሹራብ ክርኑን እየጣፍኩ እለብሳለሁ፤ እሱ በስሙ የተጠለፈ ሽርጥ ይለብሳል። የእንጀራ ልጅ ማለት እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምንድን ነው? ሆደ ባሻ ትይኝ ነበር፤ አዎ፣ ነኝ፤ እዚህ ሲደርስ ሆዴ ባሰው።

ቀጥዬ የምነግርሽ እንዲገባሽ ስለ ሥራዬ እውነቱን ልንገርሽ። እስከ ዛሬ «መኪና አንጸባርቃለሁ» እያልኩ ስጽፍልሽ ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። የሚያንጸባርቀው ሹክሹክታ ነው፤ ስፖንጅ እያሽከረከረ ቀለሙን የሚወለውለውን ማሽን የሚይዘው እሱ ነው። እኔ ማሽኑ ላይ የሚለጠፉትን ስፖንጆች አጣቢ ነኝ። የሻይ ሰሐን የሚያህሉ ክብ ስፖንጆች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ባለው ሻካራ ጨርቅ ማሽኑን ይይዙና ቸርር ብለው ይላቀቃሉ። ቢጫዎቹ ቀለሙን ለመወልወል ነው። ጥቁሮቹ፣ ለስላሳዎቹ፣ በመጨረሻ ለሚቀባው ማሸጊያ ነው። ማሸጊያ የምንለው ፀሐይና ዝናብ ቀለሙን እንዳያገኘው ከላይ በስሱ የሚቀባውን ነው፤ ሲቀባ እንደ ክሬም ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ግን እንደ መስታወት ይጠጥራል። መኪናው ላይ ሲጠጥር ደግ ነው፤ ስፖንጅ ውስጥ ከጠጠረ ጉድ ፈላ። ስለዚህ ማሸጊያ የነካች ስፖንጅ ከማሽኑ እንደወረደች ውኃ ማግኘት አለባት። ነገ አጥባታለሁ የሚባል ነገር የለም።

አጠባውም እንደዋዛ የሚታይ አይደለም፤ ይህን እንኳ ለክብሬ ስትይ አንብቢልኝ። ውኃው ለብ ያለ መሆን አለበት። ከፈላ የጀርባዋ ሙጫ ይለቃል፤ ከቀዘቀዘ ማሸጊያው አይለቅም። ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርበታል። እንደ ካልሲ ከጠመዘዝሻት ትቀደዳለች። በአውራ ጣት ከመሃል ወደ ዳር እየጫንኩ፣ በለስላሳ ብሩሽ እያሸሁ፣ ነጭ ነጩን መትፋቷን እስክታቆም አለቀልቃታለሁ። ከዚያ በፎጣ ጠቅልዬ እጫናትና፣ ውኃው ወደ ጀርባዋ እንዳይወርድ ፊቷን ወደ ታች አድርጌ ጥላ ውስጥ አደርቃታለሁ። ስትደርቅ ደግሞ የመጨረሻው ፈተና አለ፤ ጉንጬ ላይ አሻታለሁ። ጉንጬን ያልቧጠጠች ስፖንጅ መኪና አትቧጥጥም። ቤቱ ሁሉ «ጉንጬ» እያለ የሚጠራኝ ለዚህ ነው። ይህንንም ደብቄሽ ነበር።

ሹክሹክታ ስፖንጅ ከመሳቢያው ሲያወጣ በጣቱ እንኳ ሳይዳስስ ነው ማሽኑ ላይ የሚለጥፈው። አለቃችን አንድ ቀን ለምን አትፈትሽም ቢለው፣ ጉንጬ ፈትሾታል አለው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይኮራ ነበር፤ እኔ ግን ቀናሁ። ባለ መኪናው መጥቶ ቀለሙ ላይ የራሱን ፊት እያየ ሲደነቅ የሚጨብጠው የሹክሹክታን እጅ ነው። የእኔ እጅ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ማንም አይጨብጠውም። ማሽኑን ቢሰጡኝ እኮ እችላለሁ እያልኩ፣ አረፋ ውስጥ ክርኔ ድረስ ገብቼ፣ በማጠቢያው ክፍል መስኮት ጀርባ ጀርባውን ሳይ ነው የምውለው።

ሌላም የቋጠርኩበት ነገር ነበር። ከወር በፊት ገንዳው ላይ ጎንበስ ብዬ ሳጥብ፣ ከኋላዬ መጥቶ መኪና ጠርዝ ላይ የምንለጥፈውን የወረቀት ፕላስተር ከአንዱ ትከሻዬ እስከ ሌላው ዝርግት አድርጎ ለጠፈብኝ። ዞር ስል ንቅል አድርጎ፣ ጠቅለል አድርጎ፣ ይዞት ሄደ። ጎማ አጣቢዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ቀለም ሊቀባህ ነው መሰለኝ አሉኝ። እኔም ዋጥ አደረግኩት፤ ግን አልወረደልኝም።

ታዲያ ማክሰኞ ዕለት ፖስታውን አልሰጠሁትም። የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ሽርጡን ከፎጣዎቹ ሥር ሸሸግኩት። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን መኪና ማሸጊያ ቀብቶ ሲጨርስ፣ ጥቁሯን ስፖንጅ እንደ ልማዱ በሁለት እጁ አቀበለኝ። ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። ለብ ያለ ውኃ ነበረኝ፤ ሳሙና ነበረኝ፤ ጊዜም ነበረኝ። አላጠብኳትም። ቁጭ ብዬ ስለ ዝናቡና ስለ ነፋሱ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ ሳነብ ደረቀች። ልንወጣ ስንል ስነካት ፊቷ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነገር ጋግራለች። ጉንጬ ላይ አላሻኋትም። እንዲሁ አንስቼ የእሱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከንጹሖቹ በላይ አስቀመጥኳት። እትዬ፣ «ረስቼ ነው» ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ያንን ወረቀት ቀድጄዋለሁ። አልረሳሁም። አውቄ ነው ያደረግኩት።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ጥቁር መኪና ተወልውሎ አልቆ ማሸጊያ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሹክሹክታ መሳቢያውን ስቦ የላይኛዋን አነሳ፤ አልዳሰሳትም። ማሽኑ ላይ ለጠፋት፣ ማሸጊያውን ጠብ ጠብ አደረገባት፣ በሩ ላይ አሳረፋት። እኔ ከማጠቢያው ክፍል ሆኜ ድምፁን ሰማሁት። ለስላሳ ስፖንጅ ስትዞር ድምፅ የላትም፤ ይቺ ግን ከረረች። ወዲያው ነው ያጠፋው፤ ቢሆንም እርጥብ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ የሚተወውን የመሰለ ክብ ጭረት በሩ ላይ ወጥቶ ነበር፤ አንድ አይደለም፣ ሦስት አራት።

አለቃ እየሮጠ መጣ። ሹክሹክታ ስፖንጇን ነቅሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ ቀና ብሎ በመስኮቱ አየኝ፤ ብዙም አልቆየም። ስፖንጇን ኪሱ ውስጥ ከተታት። አለቃ ምን ነክቶህ ነው ብሎ ሲጮህበት፣ አልፈተሽኩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። አለቃም ጭረቱ ካልለቀቀ ከዚህ ቤት እንደሚሰናበት ነገረው። እስከዚያው ማሽኑን ለጉንጬ ስጥና አንተ ገንዳው ላይ ዋል አለው።

አልዋሽሽም፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሌላ መኪና አቀረቡልኝ። ማሽኑን ሳስነሳው እስከ ትከሻዬ ድረስ ነዘረኝ፤ ሰው ሆንኩ አልኩ። ዞር ስል በዚያ መስኮት ሹክሹክታ እጅጌውን ሰብስቦ በእኔ ገንዳ ስፖንጅ ያጥባል። ትንሽ ቆይቶ አንዷን አጥቦ አድርቆ አመጣልኝ፤ በሁለት እጁ። ስዳስሳት ከእኔ አስበልጦ አጥቧታል። በዚህም ቀናሁ! ጉንጩ ላይ ሲያሻት ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የነበረኝ አንድ ጉንጭ እሱንም ወሰደብኝ አልኩ።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። የታሸገው ፖስታ ከትናንት ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ጎኔን ይወጋኛል። ውኃ ለብ የምናደርግበት ማፍያ እየተንተከተከ ነበር። ለእኔ የማትነግረኝን ምን ብትነግረው ነው እያልኩ የፖስታውን ክዳን እንፋሎቱ ላይ ያዝኩት። እትዬ፣ ያንቺ ሙጫ ጠንካራ አይደለም፤ ወዲያው ነው የለቀቀው። ስድቡን እዚህ ላይ ጨርሺውና ቀጥለሽ አንብቢ።

ሁለቱ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባው፣ እኔ ነኝ። የእሱ ሰላምታው ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እኔ ነኝ። ምሳውን በእርግጥ ይበላል ወይስ በልቻለሁ እያለ ነው? ያስለዋል? ጫማው ውኃ ያስገባል? «ወረቀቱ ሳሙና ሳሙና ይሸተኛል፣ በእርጥብ ጣት የተያዘ እየመሰለ ይኮማተራል፤ መኪና አንጸባርቃለሁ የሚለኝ ውሸቱን ነው፤ እንዳወቅኩበት ግን እንዳትነግረው፣ ያፍራል» ብለሻል። እዚያ ጋ ስደርስ ጣቴን የሥራ ልብሴ ላይ ጠረግኩ።

ገጹን ስገለብጥ ደግሞ፦ «ልኩን የወሰድክበት ፕላስተር መንገድ ላይ እርስ በርሱ ተጣብቆ ኳስ ሆኖ ደረሰኝ፤ ከልጄ ጋር ስንፈታው ውለን ተቀደደብን። ትከሻውን እንደገና ለካልኝ፤ አሁን በክር ይሁን። ብርዱ ሳይገባ ኮቱን ልጨርስለት። እሱን ብጠይቀው እንዳልከሳ ለማስመሰል ጨምሮ ነው የሚጽፍልኝ» ይላል። ያ ጎማ አጣቢዎቹ የሳቁበት ፕላስተር ልኬ ነበር። ወር ሙሉ ያ ሰው ያሾፈብኝ እየመሰለኝ ቂም ስቋጥር፣ እሱ የትከሻዬን ስፋት ፖስታ ውስጥ ከቶ ሲልክልሽ ነበር። እዚህ ቤት የዋለ ሰው ያንን ፕላስተር አጥፎ ፖስታ ውስጥ ይከተዋል? እንደሚጣበቅ እንዴት ጠፋው? በዚህ እንኳ ልስቅበት ስል እንባዬ ቀደመኝ።

የመጨረሻዋ መስመርሽ ናት የጨረሰችኝ። «ሽርጡን ሲያይ ይቀናብሃል፤ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር፤ ችለህ እለፈው» ትላለች። እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ ገና ሳላደርሰው፣ ገና ሳያነበው፣ ጠዋት ችሎ አልፎኛል። ሙጫሽ ከእኔ የደበቀው ለካ እኔኑ ነው።

ወረቀቱን መልሼ ከትቼ፣ በእኛው ሙጫ ክዳኑን ለጥፌ ሳበቃ እግሬ ወደ አለቃ ቢሮ ሄደ። ስፖንጇን እኔ ነኝ አውቄ ያደረቅኳት፣ እኔ ነኝ መሳቢያው ውስጥ የከተትኳት አልኩት። ለምን አለኝ። እህቴ ሽርጥ ሰፍታለት ነው ተብሎ ለአለቃ ይነገራል? አለቃ መነጽሩን አውልቆ ልብስህን ሰብስብ አለኝ። ለካስ ሹክሹክታ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆሟል። እጁ እርጥብ ነው። አንድ ነገር ተናገረ፤ አለቃ አልሰማውም። ደገመ፤ አሁንም አልተሰማም። ሦስተኛውን ጮክ አለ፤ ሹክሹክታ ሲጮህ ያን ቀን ነው የሰማሁት። «እሱን ካባረርከው ለእህቱ ምን ብዬ ልጻፍላት?» አለ። አለቃ የማን እህት ነው የምታወራው ቢለው ወደ እርጥብ እጁ አቀረቀረ።

ያ ጩኸት ነው ያዳነኝ። አለቃ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየና ሁለታችሁም ከፊቴ ጥፉ፣ በሩ ካልጸዳ ሁለታችሁንም ነው የማሰናብተው አለን። ከሰዓቱን ሙሉ አንድ በር ላይ ዋልን። እሱ በቢጫው ስፖንጅ ቀስ እያለ ይወለውላል፣ እኔ መብራት ይዤ ጭረቱ የት እንደቀረ አሳየዋለሁ፤ ስፖንጇ በቆሸሸች ቁጥር ሮጬ አጥባለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ጠራ። ባለ መኪናው መጥቶ ፊቱን በሩ ላይ ካየ በኋላ የሹክሹክታን እጅ ጨበጠ። የእኔ እጅ እርጥብ ነበር። ማሽኑም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ እኔም ወደ ገንዳዬ።

አለቃ ከዚያ ወዲህ ማንኛዋም ስፖንጅ ማሽን ላይ ከመውጣቷ በፊት በሁለት ሰው እንድትፈተሽ አዟል። ሹክሹክታ ይህን ትእዛዝ አይፈጽምም። ዛሬም መሳቢያውን ስቦ፣ ሳይዳስስ፣ ዓይኑ እያየ ይለጥፋታል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ መቅናት እንዴት እንደሚያደክም ባወቅሽልኝ! ሰው ቢጤው ላይ ሲቀና ቢያንስ የሚያማበት ነገር ያገኛል፤ እኔ ምን ብዬ ልማው?

ሐሙስ ጠዋት ፖስታውንና ሽርጡን ሰጠሁት። ሙጫው ላይ ወረቀቱ ተጨማዶ ነበርና ጣቱን አሳረፈበት። የመንገድ እርጥበት ይሆናል አለኝ፤ እኔም አዎ ክረምት ነው አልኩት፤ ደጁ ግን ጠራራ ፀሐይ ነው። ከምሳ በኋላ ሽርጡን ይዞ መጣ። ከፊት ልየው፣ እስቲ ልበስልኝ አለ። በስሙ የተጠለፈውን ሽርጥ እኔ ለበስኩለት! ከኋላዬ ዞሮ ማሰሪያውን ሲያስር ቆየ፤ አንዲት ቀጭን ነገር ትከሻዬን ስታቋርጥ፣ ደግሞ ደረቴን ስትዞር ተሰማኝ። ምንም እንደማያውቅ ሰው ማፏጨት ጀመርኩ። በሕይወቴ እንዲያ ቀጥ ብዬ ቆሜ አላውቅም።

ሽርጡ ልኩ ነው፤ አይተህ ጻፍልኝ ስላልሽ ይኸው ጻፍኩልሽ። ልኩ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ኮቱ ሲያልቅ ደረቱ ላይ ስሜን ጥለፊልኝ፤ ከእሱ ፊደል አንድ ጣት የበለጠ ይሁን፤ በዚህ አልደራደርም። «ጉንጬ» በይው። ስሜ እዚህ እሱ ነው። ለእሱም መጻፉን አትተዪ፤ ብትተዪ ይከሳል፣ ከከሳ ደግሞ ስለ እሱ የምጽፍልሽ እኔ ልሆን ነው። ብቻ ዝናብና ነፋሱን ከእንግዲህ ለእሱ ጻፊለት፤ የአባባን ወሬ፣ የቤቱን ወሬ ለእኔ።

ሹክሹክታ ላንቺ ብሎ የሰጠኝን ፖስታ ከዚህ ጋር ከትቼዋለሁ። ይህን ስጽፍልሽ ማፍያው አጠገቤ ይንተከተካል፤ ፊቴን አዙሬበታለሁ። አልከፈትኩትም፤ ክዳኑን እይው። ያንቺን መክፈቴን ገና አልነገርኩትም፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ግን ነግሬው እገኛለሁ።

ለጋሼ አናጢው ሰላምታዬን በክብር አቅርቢልኝ፤ ሳሉን ደግሞ እንጨት ሲልጉ አፋቸውን በጨርቅ ይሸፍኑበት በያቸው። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ስታነቢላቸው የስፖንጇን ነገር ዝለይው፣ ልጄ ገንዳ ላይ ነው ብለው እንዳይተክዙ፤ መኪና ያንጸባርቃል የምትለዋን እንዳለች ተዪያት። ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ፕላስተሩን ስትፈታ ጥፍሯ ካመማት እኔ ነኝ ጥፋተኛው። የስፌት መኪናሽንም ሰላም በያት፤ ዘይት አጠጫት፣ ሰሞኑን ሥራ ይበዛባታል።

ቀናተኛው ወንድምሽ
ጉንጬ

ከስፖንጅ ማጠቢያው ክፍል፣ ገንዳው አጠገብ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን

ልዘጋው ስል ደግሞ ይህን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም አልኩ። ሹክሹክታ ደረቴን ሲለካ ትንፋሼን ስቤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ትከሻዬን ገትሬ ነበር። ክሩ ላይ ቋጠሮ ሲያስር በጎን አይቼዋለሁ፤ በዚያ ፖስታ ነው የሚደርስሽ። እትዬ፣ ከስቻለሁ። ከቋጠሮው ሁለት ጣት ቀንሺ።